ሊቀ አእዋፍ ዝም ያሉ ዕለት

በየትኛውም ቤተዘመድ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚያስረዳ አንድ አዋቂ አይጠፋም። የአንድ ፀጉር አስተካካይ ዕጣ የወጣው በእህቱ ባል በኩል ነው። ሰውየው ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ቤተሰቡ ግን በሙሉ ማዕረጋቸው «ሊቀ አእዋፍ» ይላቸዋል።

ሊቀ አእዋፍ የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራራው ላይ ባለው ደን የሚኖሩ ጥቂት ወፎች። ደረታቸው ብርቱካናማ፣ ክንፋቸው አረንጓዴ፣ አናታቸው ሰማያዊ ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ስለ ኳስ ሲያወራ ከሰሙ፣ «እሱን ተወውና፣ ወንዱ በማለዳ ለምን እንደሚዘምር ታውቃለህ?» ይላሉ። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው አላውቅም ለማለት እንኳ አይደፍርም። አንድ ሠርግ ላይማ ባንዱን አስቁመው የሴቷን ጥሪ በፉጨት አሰምተዋል።

አንድ ጠዋት እህቱ፣ «እባክህ ጉልበቱን አሞታል፣ ወደ ደኑ ብቻውን አይውጣ» ብላ ለመነችው። ፀጉር አስተካካዩ ዳገቱን ሙሉ ከሊቀ አእዋፍ ማብራሪያ ለጆሮው እረፍት አላገኘም። ደኑ ውስጥ ሲገቡ ግን ወፎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ዜማውን ለቀቁት። ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሊቀ አእዋፍ ወፎቹን ትክ ብለው እያዩ፣ «ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው የማይዘምሩት?» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ክው አለ። «እየዘመሩ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጭንቅ ቢለው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ጎጇቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ይንገሩኝ» አላቸው። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ወደ ቤት ሳይመልሳቸው በቀጥታ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሟ በመብራት አየች፤ ለብ ያለ ውሃ ረጨች፤ ቀጥላም ሳህኑ ላይ ባቄላ የሚያክል ኩክ አሳየቻቸው።

«ጆሮዎ ደህና ነው፣ አባባ። የደፈነዎት ይሄ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደግፎ እፎይ አለ። ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤ ደግነቱ ማንም አላየውም። ሊቀ አእዋፍ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ወፍ በየት በኩል እንደሚሰማ ለሐኪሟ ማስረዳት ጀምረዋል።

ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ፀጉር አስተካካዩ ወጣና በሩን በጀርባው ዘግቶ ቆመ።

«ትንሽ ታገሡ» አላቸው። «ይጨርሱ።»