ከጎረቤት ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ

የጦር ቃላት አንዴ ከጦር ሰፈር ካመለጡ መልሶ የሚያስገባቸው የለም። በዘመኑ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ሁሉ ነገር ዘመቻ ነበር። ፊደል መቁጠር ዘመቻ፣ ችግኝ መትከል ዘመቻ፣ የሰፈር ቦይ መጥረግ ዘመቻ። ስንዴ የሚታጨድበት ማሳ የምርት ግንባር ይባላል፤ ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ እንደ ኮብላይ ይታያል። እኛም አሰላዎች ቃሉን እንደ ሹራብ ለበስነው፤ ብርድ አገር ነዋ! ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የሰማ ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ መልሶ ማጥቃት ላይ ናት» እያለ ያልፋል። የቃሉን ትርጉም ግን በወጉ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ያወቅሁት ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ነው።

ያኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ቀበሌያችን ወንድ ሴት ሳይለይ እሁድ እሁድ ወታደራዊ ስልጠና ጀመረ። እሁድ የተመረጠው ሥራ እንዳንፈታ ነው ተባለ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ግን ምክንያቱን በሌላ መንገድ ተረዳው። አሰልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ታደሰ ኦጋዴን ላይ ቆስሎ አንድ እግሩን የሚጎትት፣ ድምፁ ተራራ የሚያክል፣ ልቡ ግን ለቁጣ የማይበቃ ሰው ነበር።

ሃምሳ አለቃው ነገር አያወሳስብም። «ማጥቃት ማለት ጠላት ወዳለበት መሄድ ነው፤ መከላከል ማለት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሁለቱም ከባድ ነው፤ መጠበቁ ግን ይብሳል» አለን። ይህን ሲል ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀጠለ፤ አጥቂ ሲሆኑ አንዱ ቡድን ከፊት ሆኖ ጠላትን ይይዛል፣ ሌላው በክንፍ ዞሮ ይመታል፣ ተጠባባቂው ከኋላ ይቆያል። ማፈግፈግና መሸሽም አንድ አይደሉም፤ የሚያፈገፍግ ሰው የት እንደሚቆም ያውቃል፣ የሚሸሽ ግን አያውቅም። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ተማሪ ደጋግሜ አጠናሁት። ፈተናው ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ።

ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ጉብታ አለ። ልምምዱ እዚያ ሆነ፤ ግማሻችን ጉብታውን እንከላከል፣ ግማሻችን እናጥቃ። ለሦስት ሰው አንድ ምሽግ ቁፈሩ ተባልን። እኔ የደረሱኝ እትዬ አስካለና አዴ ዘይነባ ናቸው።

እነዚህ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን የሚኖሩ ጎረቤቶቼ ናቸው። አንድ ክረምት የጎርፍ ውሃ «ወደ ግቢዬ መለስሽብኝ፣ አልመለስኩም» ተባብለው ተኳረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት መጥቶ ሲሄድ እግዜር ይማርሽ እንኳ አይባባሉም። የእትዬ አስካለ ልጅ ግርማና የአዴ ዘይነባ ልጅ ጀማል ግን የእናቶቻቸውን ጠብ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ አብረው ኳስ ሲራገጡ አደጉ። በመጨረሻም በአንድ መኪና ተጭነው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዱ። እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲህ ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል አልሰሙም። ከስተው ነበር።

ምሽጉን በዝምታ ቆፈርን። ሃምሳ አለቃው እግሩን እየጎተተ መጣና እትዬ አስካለን «እርስዎ የራስዎን ፊት አይጠብቁም» አላቸው። «የእሳቸውን ፊት ነው የሚጠብቁት፤ እሳቸው ደግሞ የእርስዎን። በመከላከል ሰው ራሱን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ጎረቤቱ ነው።»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከጭላሎ ተራራ በኩል ጉም ወረደብን። የእንጨት ጠመንጃችንን ደግነን ጠላት እንጠብቃለን፤ ጠላት ደግሞ በብርዱ ምክንያት ይመስለኛል ዘገየ። እትዬ አስካለ ከፊት ለፊታቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ልጄ፣ ክርኗን እንድትሰበስብ ንገሪያት» አሉኝ። አዴ ዘይነባ ትከሻዬ ሥር ናቸው፣ በደንብ ሰምተዋል፤ ቢሆንም መልሱ በእኔ በኩል አለፈ። «ጉድጓዱን ያጠበበችው እሷ ናት በያት።» እንዲህ እያልን ቆየን። ሬዲዮ አልነበረንም፤ እኔ ነበርኩ ሬዲዮው።

ድንገት አዴ ዘይነባ ጠመንጃቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ንገሪያት» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «ሮብ ገበያ ላይ እህል ስሸጥ አንድ ቁስለኛ ወታደር አገኘሁ፣ የዚሁ የሳጉሬ ልጅ። ጀማልን ያውቀዋል። ከጀማል ጋር ደግሞ...»

አፌን ሳልከፍት እትዬ አስካለ በእኔ ላይ ተንጠራርተው «ከጀማል ጋር ማን?» አሉ። በስንት ዘመን የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ግርማ! ግርማ ጅራ!» አሉ በኦሮምኛቸው፤ ከዚያ በአማርኛ «አለ፣ በሕይወት አለ፣ ደህና ነው። አንድ ላይ ናቸው፣ አንድ ላይ ነው የሚበሉት። እናቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

«ከሮብ ጀምሮ እያወቅሽ?»

«ሴት ልኬብሽ ነበር! ከዚያ ቤት የሚመጣ ወሬ አልሰማም ብለሽ መለስሻት። እኔ ራሴ ልምጣ ብል ደግሞ፣ ይህን ያህል ዘመን ያልረገጥኩት ደጅ ላይ በጠዋት ብቆም ምን ይመስልሻል? መርዶ ነዋ! በድንጋጤ ብትሞቺብኝስ?»

እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፍተው አለቀሱ፤ አዴ ዘይነባም አቅፈዋቸው አለቀሱ፤ እኔ ከመሃል ተጨፍልቄ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ አለቀስኩ።

ጠላት የመጣው ይሄኔ ነው። የአጥቂው አዛዥ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ከበደ ነበሩ። «እጅ ወደ ላይ!» እያሉ ከጉሙ ብቅ ሲሉ ሦስት ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አዩ። ጠመንጃቸውን አጋደሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላቸው የመጣው ሁሉ ነጠላውን አዘቀዘቀ። በቀኝ ክንፍ የዞረው ቡድን ልቅሶውን ሰምቶ መጥቶ ምሽጉ ዳር ተቀመጠ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይጠየቅም። በግራ ክንፍ የዞረው ቡድን ብቻ ምንም ሳይሰማ ጉብታው አናት ላይ ደርሶ፣ የሚማርከው ሰው አጥቶ ተጣራ።

ሃምሳ አለቃው እየሮጠ ደረሰ፤ እግሩ እንደፈቀደለት። «ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «የእትዬ አስካለ ልጅ ከአዴ ዘይነባ ልጅ ጋር በሕይወት አለ ተብለን ነው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ምሽጉ አፋፍ ላይ ቁጭ አለና አዴ ዘይነባን «አንድ ላይ ናቸው አሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ላይ መሆናቸው ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በጣም ጥሩ ነው።» ከዚያ ተነሥቶ ፊሽካውን ነፋ። «ማጥቃቱ ከሽፏል! ተከላካዩ አሸንፏል! ወደ ቤት!»

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን እናቶች መንገድ መንገዱን ሲያዩ ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ከሲታ፣ አቧራ የለበሰ ጎልማሳ እትዬ አስካለ ደጅ ቆሟል። ግርማ ነው። እናቱ ወጥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙትና «ጀማልስ?» አሉት።

«ናዝሬት ላይ መኪና ሞልቶበት ቀርቶ ነው። ነገ ይደርሳል።»

እትዬ አስካለ ልጃቸውን ለቀቁት። ከነሽርጣቸው ሮጡ። «ዘይነባ! ዘይነባ! ጀማል ናዝሬት ደርሷል!» ግርማ ሻንጣውን እንደያዘ ባዶ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ሳቀና እናቱን ተከትሎ ጎረቤት ገባ።

በማግስቱ መናኸሪያ ላይ ጀማል ከአውቶቡስ ሲወርድ ቀድመው ያቀፉት እትዬ አስካለ ናቸው። አዴ ዘይነባ ይህን በቀላሉ አላለፉትም፤ «ልጁን የወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብለው ሲነጫነጩ ሰነበቱ። እንዲህ ያለውን ጠብ ለሁላችሁም እመኝላችኋለሁ።