በማርጋሪን ዕቃ የተጫኑ ፍየሎች

በዚህ ዓለም ላይ ስንት ዓይነት እንስሳ እንዳለ ታውቃላችሁ? አምስት! ከብት፣ ግመል፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ። አለቀ። የምትከራከሩ ካላችሁ እኔን ተዉኝና ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ እንስሳ ሲጫን የሚሞላውን ቅጽ ጠይቁ። ከአምስቱ ውጪ የሆነ ፍጡር ካለ የፈጠረው ራሱ መጥቶ ያስሞላለት እንጂ ቅጹ አያውቀውም።

ዳኪ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ያደገችው ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ እኔ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ነው፤ አማርኛውንም እዚያው ለመደች፣ ወጤንም እዚያው ጨረሰች። ያኔ ናይሮቢ ትማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቷ በምን ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? በጥንዚዛ! ያውም ዝናብ ሲጥል ኦዳ መንደር አጠገብ በሚተኛው ረግረግ ውስጥ የምትኖር፣ መብረሩን ትታ ጭቃ ለጭቃ የምትሮጥ ጥቁር ጥንዚዛ። “እስከ ዓርብ ቢያንስ ዐሥር በሕይወት ካላደረስኩ ዓመቱን እደግማለሁ፣ እትዬ” አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በላችው።

ዐሥራ ሁለት ለቅማ ከነጭቃቸው በማርጋሪን ዕቃ አስቀመጠች። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። “ኬላ ላይ እንዳያስቸግሩሽ ኪባሊ እናውጣ” ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኪባሊ የማጓጓዣ ፈቃድ ነው። አርፌ ሽንኩርቴን ብከትፍ ምን ነበረበት! የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ ደግ ሰው ነው። ዕቃውን ከፍቶ አየ፣ ቅጹን አየ፣ እንደገና ዕቃውን አየ። “መቼም ግመል አልላቸው…” አለና አሰበ። ከዚያ ጥንዚዛዎቹ ራስ ላይ የቆመውን ጢም ልብ ብሎ ተመልክቶ “ፍየል፣ ዐሥራ ሁለት፣ ጥቁር፣ ቀንዳም” ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙንም ዷ! አደረገው።

ያኔ አስፋልት የለም፤ ናይሮቢ የሚኬደው በከብት መኪና አናት ላይ ተሰቅሎ ነው። ልሸኛት ኬላው ድረስ ሄድኩ። የኬላው ዘብ፣ እኛ አገር አስካሪ የሚሉት፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ዳኪን አስወረዳት፣ ዕቃውን ከፍቶ በጣቱ ቆጠረ። ፍየል በማርጋሪን ዕቃ መጫኑ ቅንጣት አልደነቀውም።

“ዐሥራ አንድ ናቸው” አለ። “አንዷ ፍየል የት ሄደች?”

ዳኪ ብታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለካስ ሥጋ በል ናቸው!

“በልተዋት ነው” አልኩት።

“ማማ፣ ፍየል ፍየል ይበላል?”

ጥንዚዛ ናቸው ብል በሐሰት ኪባሊ ተይዘን ዕቃውም መወረሱ ነው። “አለቃዬ እስኪመጣ ጠብቁ” አለን። አለቃው ሶሎሎ ሄዷል፤ የሚመለሰው ነገ ነው። እስከ ነገ አንዲት ፍየል ልትተርፍ?

ዳኪ ተሳፋሪውን የክብሪት ቀፎ ለመነች። ጫት የያዙ ሽማግሌ ሳይቀሩ ክብሪታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ገልብጠው ቀፎውን ሰጧት፤ እያንዳንዷ ፍየል የራሷ ቤት ደረሳት። ሾፌሩ ግን ሞተሩን አስነስቶ “ጥዬሽ ልሄድ ነው!” ይላል። ወደ አስካሪው ዞርኩ።

“አንተ ሰውዬ! እንስሳ መንገድ ላይ ቢሞት ሕጉ ምን ይላል?”

“ቆዳው ይቀርባል” አለ ሳያመነታ።

ንግግሩን ሳይጨርስ ዳኪ ጭቃውን በርብራ አንዲት የምታብረቀርቅ የክንፍ ሽፋን አወጣች። “ይኸው ቆዳዋ።”

መዳፉ ላይ አድርጎ ገለባበጣት። ወደ ፀሐይ ይዞ አያት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ በስቴፕለር መታትና “አንድ የሞተ፣ ቆዳ ቀርቧል” ብሎ ጽፎ መዝጊያውን እንጨት አነሣ። ዳኪ ቀፎዎቿን በሻሿ ቋጥራ መኪናው ላይ ወጣች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

መኪናው ብዙም ሳይርቅ አስካሪው ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ማማ፣ አሁን ማንም አይሰማንም። በእናትሽ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ነበሩ?”

ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ፤ የምሩን ማወቅ ፈልጓል። ቀና ብዬ መኪናውን አየሁት። ገና በፉጨት የሚመለስ ርቀት ላይ ነው።

“ፍየሎች” አልኩት።