አባ ሪሞት ለአስፈሪው ትሬለር ጥናት የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ራውተር፣ ይኸውም በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሳጥን አረንጓዴ ዓይኑን አብርቶ በቤተሰቡ ላይ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ የዓመቱ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ የሶፋው ባለርስት፣ የሪሞቱ ጠባቂ፣ ድምፅ ጨማሪና ድምፅ ቀናሽ፣ ሳይጠሩ የማይነሡ፣ ሲጠሩም የማይሰሙ፣ ታላቁ አባ ሪሞት አስፈሪ ፊልም ሊሠሩ ተነሡ።

ፊልም ስንል ሙሉ ፊልም አይደለም። ትሬለር ነው፤ ሕዝቡ ፊልሙን ለማየት እንዲጓጓ አስቀድሞ የሚቀምሳት ቁራሽ። ትሬለሩም ቢሆን ገና ነው፤ የተጀመረው ጥናቱና ዕቅዱ ነው። ስለዚህ ይህ ዜና የዘመቻ ሳይሆን ለዘመቻ የመሰናዳት ዜና ነው። አንባቢ ሆይ፣ አትቸኩል፤ አባ ሪሞትም አልቸኮሉም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤቱ የፊልም ክፍል ያለችው ካሜራ አንዲት ብቻ ናት፤ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባት ትኖራለች። የክፍሉም መምህርት፣ በቀይ እስክሪብቷቸው የስንቱን ተስፋ የሰረዙ፣ ሳቃቸው የማይታወቅ፣ ኮቴያቸው ከሩቅ የሚለይ፣ በሰሌዳው ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙኝ! የዘንድሮው ሥራ አስፈሪ ፊልም ነው። የሌሎችን ትሬለር ታያላችሁ፤ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደሰማችሁ፣ የት እንደምትቀርፁ ጽፋችሁ አርብ ታመጣላችሁ። ካሜራውን የሚወስደው ጥናቱ የተሻለው ቡድን ብቻ ነው። የቀረው ስለ እጅ መታጠብ ፖስተር ይሥላል። ኋላ አልሰማሁም የሚል እንዳይመጣብኝ!»

አባ ሪሞትም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ለክፍሉ ሁሉ አወጁ፦ «አስፈሪ ፊልም ለእኔ ምን አላት! እኔን እኮ ያስቀኛል እንጂ አያስፈራኝም። ያላየሁት የለም!»

ወሬው ቤት ሲደርስ ደግሞ የአባ ሪሞት አባት፣ የአሳንሰር ጠጋኙ፣ ሲወጡና ሲወርዱ ውለው ያው መሬት ላይ የሚገኙት፣ ጫማቸውን እያወለቁ የራሳቸውን አዋጅ አስነገሩ፦ «እኔ ቀኑን ሙሉ በገመድ ተንጠልጥዬ የምውለው አንተ ተጋድመህ ፊልም ፊልም እንድትል አይደለም። ካሜራውን ካመጣህ እሰየው፣ ሁለተኛ አልናገርህም። ካላመጣህ ግን ሰኞ ሒሳብ አያያዝ ክፍል ትገባለህ፤ አለቀ!»

እዚህ ላይ ፌዙን ትንሽ እናቆየው። አባ ሪሞት ያችን ካሜራ ከልባቸው ይወዷት ነበር። በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ባለፉ ቁጥር ግንባራቸውን ከፊልም ክፍሉ መስኮት አስጠግተው ያዩዋታል፤ አውቶቡስ ውስጥም ሆነው ሁለቱን እጆቻቸውን እንደ ፍሬም ገጥመው የተሳፋሪውን ፊት በዚያ ውስጥ ያያሉ። ሒሳብ አያያዝ መግባት ለእርሳቸው ሞት ነበር።

ይሁን እንጂ ዜና ጸሐፊ ሐቅ አይደብቅምና አንድ ነገር እንጨምራለን፤ አባ ሪሞት አስፈሪ ፊልም ይፈራሉ። መፍራትም ብቻ አይደለም። በሕይወታቸው አንድም አስፈሪ ፊልም እስከ መጨረሻው አይተው አያውቁም፤ እስከ መሐሉም አላዩም። የፊልሙ ርእስ ተጽፎ ሙዚቃው መሰማት ሲጀምር ቆሌያቸው ይገፈፍና ውኃ ልጠጣ ብለው እንደ ወጡ ይቀራሉ።

ወእምዝ ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። አንደኛው በዚያው ክፍል የሚማር የአጎታቸው ልጅ ነው፤ መነጽሩ የወፈረ፣ ያለ መነጽሩ ግን የገዛ እጁን የሚጠራጠር። እርሱን ሊቀ መኳስ አድርገው ሾሙት። ሊቀ መኳስ ማለት ዱሮ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የሚቆም፣ ጠላትም ንጉሡ መስሎት እርሱን የሚወጋው ሰው ነው። እዚህም ሥራው ያው ነበረ፤ በአባ ሪሞት ፈንታ ማየት። ሁለተኛዋ ጽሕፈቷ ያማረ የክፍል ጓደኛቸው ናት፤ የተባለችውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ካልተባለችው ግን አንዲት ነጥብ አትጨምርም። እርሷም ጸሐፌ ትእዛዝ ሆነች። የአባ ሪሞት እናት ደግሞ የሥርዓት አዛዥ ነበሩ፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ግን ሳሎኑ የእርሳቸው ነው።

ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለ፣ ሠራዊቱ በሳሎኑ ሰፈረ። አባ ሪሞትም ከሶፋው ጥግ ተቀምጠው፣ ትልቁን ትራስ እንደ ጋሻ አንግበው፣ አዋጃቸውን አሰሙ፦ «ስሙ ወገኖቼ! አስፈሪ ነገር የሚጠናው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ መጋረጃ ተከፍቶ። ድምፁ ጥርቅም ይበል፤ ድምፅ ሐሳብ ይበትናል። እኔ ትራሱን ፊቴ ላይ ሳደርግ እያሰብኩ ነውና ማንም እንዳይነካኝ!»

ከወጥ ቤትም ሌላ አዋጅ ተከተለ፦ «ሳሎኔን ሲኒማ ቤት ያደረገ ሁሉ ሲጨርስ ይጠርጋል! ትራሴን ደግሞ መሬት ላይ ባገኛት፣ ወየውላችሁ!»

ከዚያም ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። አባ ሪሞት ወዲያው ማሰብ ጀመሩ፤ ማለትም ትራሱን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሊቀ መኳሱ ለጥቂት ጊዜ እንደ ወንድ ተመለከተ፤ ኋላ ግን መነጽሬ አቧራ ይዞታል ብሎ አውልቆ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ ያየው ነገር ሁሉ ጉም ነበረ፣ ጉምን ደግሞ አይፈራም። ጸሐፌ ትእዛዟ በበኩሏ ብርሃኑ ከመስኮት በኩል ይሻለኛል ብላ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጠች። ድምፁም ተዘግቷል። እንግዲህ አንዱ በትራስ፣ አንዱ በጉም፣ አንዷ በጀርባዋ ሆነው የዓለምን አስፈሪ ትሬለሮች መረመሩ። እንዲህ ያለ ጥናት ከዚህ በፊት ተደርጎ አያውቅም።

የአሠራሩም ሥርዓት የሚከተለው ነበረ። ሊቀ መኳሱ የመሰለውን ይናገራል፣ አባ ሪሞት ከትራሱ ሥር ሆነው ፍርድ ይሰጡበታል፣ ጸሐፌ ትእዛዟ ፍርዱን ትጽፋለች። አንዲት ሴት አፏን በሰፊው ከፈተች ቢባል፣ እያዛጋች ነው ተብሎ ተፈረደ። ሌላውም አፉን ከፈተ፤ እርሱም እንቅልፍ መጥቶበታል ተባለ። ከኮሪደሩ ጫፍ ነጭና ረጅም ነገር ያለ እግር እየተንሸራተተ መጣ፤ ያለ እግር የሚንሸራተት ነጭ ነገር ፍሪጅ ነውና ፍሪጅ ተብሎ ተመዘገበ። በግድግዳው ላይ ቀይ ነገር ሲወርድ ጊዜም ቤቱን ቀለም እየቀቡት እንደሆነ ታወቀ። ሲመሽም ሠራዊቱ በአንድ ድምፅ ከማጠቃለያው ደረሰ፤ አስፈሪ ፊልም ማለት እንቅልፍ ያልጠገቡ ሰዎች ቤታቸውን እያደሱ ፍሪጅ የሚያጓጉዙበት ታሪክ ነው። አባ ሪሞትም ይህ ብቻማ ከሆነ ለምን ስፈራ ኖርኩ ብለው በልባቸው ተደነቁ።

የቀረው የመቅረጫ ቦታ መምረጥ ነበረ። ለዚህም ወደ አክስታቸው ላውንደሪ ዘመቱ። አክስትየዋም፣ ከእድፍ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የተዋጉ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው እንዲህ አወጁ፦ «እጃችሁን ሰብስባችሁ ግቡ! የሰው ልብስ ነው፣ የሙሽራ ሱፍ አለ። ጣቱን ያሳረፈ እንደሆነ ራሱን በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የምሰቅለው!»

የኋላው ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። ከጣሪያው በወረደው ሐዲድ ላይ የታጠቡ ሱፎችና ቀሚሶች በላስቲክ ተሸፍነው ተሰልፈዋል፤ የእያንዳንዱ ደረት ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ ራስም እግርም የላቸውም። ከጥግ የእንፋሎት መተኮሻው ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። አባ ሪሞት በመሐላቸው እያለፉ፣ እጃቸውን እንደ ፍሬም ገጥመው፣ ደህና ቦታ ነው እያሉ ሳለ፣ አክስትየዋ የደንበኛ ኮት ፈልገው ከፊት ሆነው የሐዲዱን ማንቀሳቀሻ ቁልፍ ተጫኑት። ሐዲዱ አጓራ። ራስ አልባው ሠራዊት ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ወደ አባ ሪሞት ገሰገሰ።

ስለ ቀጣዩ ነገር ምስክሮች ይለያያሉ። ሊቀ መኳሱ አባ ሪሞት እግሬ አውጪኝ አሉ ይላል። እኛ ግን ቦታውን ከማዶ ሆነው ለማጥናት መንገዱን ተሻገሩ ብለን እንጽፋለን፤ የተሻገሩትም የማያውቁትን ሰው ኮት በራሳቸው ላይ እንደ ተከናነቡ ነበረ። የአክስትየዋም አዋጅ እስከ አስፋልቱ ማዶ ተሰማ፦ «ኮቱን መልስ! አንተ ልጅ፣ ኮቱን!»

አርብ ደረሰ። የኋላ ወንበር ሰዎች፣ የአባ ሪሞት ባላንጣዎች፣ ጭንብልና የፕላስቲክ ቢላዋ ይዘው፣ አገጫቸውን በካቻፕ ቀብተው መጡ። መምህርቷም የአባ ሪሞትን ጥናት አንሥተው፣ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል ብለው ጀመሩና ጮክ ብለው አነበቡት። ፍሪጁ ሲነበብ ሳቁ ፈነዳ፤ ቀለም ቅቡ ላይ ሲደርሱ ከወንበር የወደቀም ነበረ። ቀጥሎ የሰማችሁት የሚለውን ገጽ ገለጡ፤ ዙሪያው በአበባ ሐረግ አጊጦ ባዶውን ነበረ። መምህርቷ ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ።

ጸሐፌ ትእዛዟ አንገቷን ደፋች፤ ዕንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሊቀ መኳሱም ጥፋቱ በእርሱ እንዲላከክ ተዘጋጅቶ ተቀመጠ፤ ሹመቱ ለዚያ ነበርና። ሰኞ የሚገቡበት ክፍል በዓይናቸው ላይ የዞረባቸው አባ ሪሞት ግን ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በቀጭን ድምፅም አወጁ፦

«እነሱን ተዉአቸው። ድምፁን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ፍሪጅ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ያላየሁት የለም ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ያየሁት የለም። እፈራለሁ። በጣም ነው የምፈራው።»

ሳቁ እንደገና ሊነሣ ሲል መምህርቷ እጃቸውን አነሡና ፈረዱ፦ «እንግዲያው አሁኑኑ እዚሁ ታያለህ! ድምፁ እስከ ጥግ ይከፈት። ዓይንህን የጨፈንክ እንደሆነ ካሜራው ለኋላ ወንበሮች ነው!»

ወንበር በመሐል ተደረገላቸው። አባ ሪሞት ተቀመጡ። በትሬለሩም አንዲት ሴት ባዶ ኮሪደር ላይ ትሄዳለች፤ ሌላ ምንም የለም። ጫማዋ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። አባ ሪሞት መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ወንበሩ አብሯቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አዩ። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ያን ጊዜ አባ ሪሞት ጮኹ። ምን ዓይነት ጩኸት እንደነበረ ለመጻፍ ብዕራችን ይሰንፋል። ክፍሉ ሁሉ አብሮ ጮኸ፤ ከኋላ ወንበር ትልቁ ልጅ ጭንብሉን እንዳጠለቀ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ የጎረቤቱ ክፍል ተማሪ ወደ ግቢው ፈሰሰ፤ ምክትል ርእሰ መምህሩም ማን ሞተ እያሉ በሩን በርግደው ገቡ።

አባ ሪሞት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ማንም ሳያዛቸው የመጨረሻውን አዋጅ ተናገሩ፦ «ምንም እኮ አልመጣም! በርም አልተከፈተም። ኮቴዋ ሲቆም ነው። እስከዚያ ድረስ አብሬያት እየሄድኩ ነበር፤ ሲቆም ብቻዬን ቀረሁ።»

መምህርቷም የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠሙትና አወጁ፦ «ካሜራው ያንተ ነው። የጻፍከውን ቀደህ ጣልና አሁን ያልከውን ጽፈህ ሰኞ አምጣልኝ። እናንተ ደግሞ አገጫችሁን ታጠቡ!»

በዚያው ቀን ካሜራዋ በአሳንሰር ጠጋኙ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። አባትየው ከሥራ ገብተው አዩዋት። የሻይ ብርጭቋቸውን፣ እንዳይፈስባት፣ ራቅ አድርገው አኖሩት።

አቤት አባ ሪሞት! ነፍስ የሌለው ሱፍ አይተው አስፋልት የተሻገሩ፤ መንፈስን ከፍሪጅ ያልለዩ፤ በአንድ ጩኸት ሁለት ክፍል የበተኑ! የሌሎች ጀግኖች ጸሐፊዎች ጀግናችን ፍርሃት የሚባል አያውቅም ነበር ይላሉ፤ ይበሉ፣ ቀለሙም ወረቀቱም የራሳቸው ነው። የእኛው ጌታ ግን ፍርሃትን ከነዝርዝሩ ያውቁታል፤ ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ፀጉራቸው ተንቀጥቅጠዋል፣ በሰው ፊት አልቅሰዋል፣ ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም።