ዶክተር ዋሴ እና የሙከይፏ ርግብ

ሰዎች ተሰባስበው አንድ ክፍል በተከራዩበት ቦታ ሁሉ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ የሰው ሳሙና ይጨርሳል፣ አንዱ ደግሞ እንስሳ ያድናል። ካንኮራፊው ጋር ጆሮን ደፍኖ መኖር ይቻላል። ሳሙናም ይደበቃል። እንስሳ ከሚያድን ሰው ግን ማምለጫ የለም፤ ለአላህ ብሎ ነዋ የሚሠራው!

መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ውስጥ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ጣራ ላይ ባለች ክፍል ለሙኒር የደረሰው አዳኝ ዋሴ ይባላል። «ክቡር ዶክተር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ራሱ ሙኒር ነው። ዋሴ ሕክምና አልተማረም፤ እንደ ሙኒር ሁሉ ከአንድ ግንባታ ወደ ሌላው እየዞረ ሲሚንቶ ይሸከማል። መንገድ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ሲያይ ግን ሸክሙን ያወርዳል፣ እጁ ይዘረጋል፣ ካፉም ያችው ቃል ትወጣለች፦ «አይቼ እንዴት ልለፍ?» ሙኒር ይህን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠናው ኖሯል። የሰው ልጅ የራሱን እግር ሳያክም የቁራ እግር እንዲያክም የሚያደርገው ምንድነው? መልሱን አላገኘም።

አንድ ቀን ዶክተሩ ከከተማ ወጣ ካለ የሥራ ቦታ ክንድ የሚያክል እንሽላሊት በጆንያ ይዞ መጣ። ድንጋይ ላይ ፀሐይ ጥሏት አገኘኋት አለ። ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰባት፤ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለላት፤ ሙከይፉ፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ ፊት አስተኛት። እንሽላሊቷ እንደ እንጨት ድርቅ አለች። ዋሴ «ኢና ሊላሂ» ሊል ሲል እህቱ ሀምዲያ በስልክ ደረሰችለት።

ሀምዲያ ጅዳ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ከሆነች ማዳም ቤት ትሠራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የማዳሟን ሕመምተኛ ድመቶችና ክንፋቸው የተሰበረ ወፎች ስትመግብና ማደሪያቸውን ስታጸዳ ኖራ፣ ወንድሟ ያጣውን ትምህርት በመጥረጊያ አግኝታዋለች። እሷም የራሷ ቃል አላት።

«አንተ ዋሴ! ፀሐይ እየሞቀች ነው እኮ ያነሳሃት! ከወሰድክበት መልሳት። ከዚያ እጅህን ኪስህ ክተት!»

ድንጋዩ ላይ በተመለሰች በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀና አለች፤ ዋሴን ሌባ እንደሚታይ አየችውና ፈረጠጠች።

ከዚያ የድመቷ ጉዳይ መጣ። «ጠፍታ አገኘኋት» ያላት ድመት የጎረቤቱ ሕንፃ ሽማግሌ ዘበኛ ንብረት ነበረች። ሽማግሌው ሦስት ቀን ሲፈልጋት ከርሞ ዋሴ ፍራሽ ላይ ሲያገኛት የተናገረውን ዐረብኛ፣ ሦስተኛው የክፍሉ ሰው ኢድሪስ ለመተርጎም አፈረ። በድንቢጧ ጫጩት ግን ማንም አልሳቀም። ዋሴ ከዛፍ ሥር አንስቶ ዳቦ በወተት እያራሰ አጎረሳት፤ በማግስቱ ሞተች። «መብረር እየተማረች ነበር፤ እናቷ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ታይህ ነበር» አለችው ሀምዲያ። ያን ቀን ራት አልበላም።

እንዲህ እያለ የበጋው ሐሩር ገባ፤ ሙከይፉም ተበላሸ።

በዚያ ወቅት ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ስለሆነ፣ ሠራተኛው ሁሉ ክፍሉ ገብቶ ይተኛል። የሙኒር እንቅልፍ ይቺው ነበረች። ሙከይፉ በቆመ በሁለተኛው ቀን ጆንያ እንደተሸከመ መሰላል ላይ አንቀላፋ። አለቃው «አንድ ጊዜ ብትደግማት ኸላስ፣ ሥራ የለህም» አለው። ሙኒርን የበለጠ ያስፈራው ግን ከመሰላሉ በታች ያየው ሁለት ፎቅ ነው።

ጠጋኙ ጀይላን መጣ። ሙከይፉን ከጀርባው ሊፈታ ወደ ጣራው ወጣና መፍቻውን ይዞ ተመለሰ።

«ርግብ አለች። በማሽኑና በቆርቆሮው መሃል ሁለት ጫጩት ታቅፋለች።»

«ታዲያ አንስተህ ጥገነዋ!» አለ ኢድሪስ።

«ወንድሜ፣ እኔ ሙከይፍ ነው የምፈታው። የሐረም ርግብ መንካት በዚህ ቅዱስ ምድር ክልክል ነው፤ ከጎጆዋ አላስነሳም። ሲበሩ ደውሉልኝ።»

ዋሴ ካርቶን ይዞ ተነስቷል። «ብረቱ እየጋለ ነው! እኔ ከነጎጆዋ አወርዳቸዋለሁ፣ በእጄ አበላቸዋለሁ። አይቼ እንዴት ልለፍ?»

ኢድሪስ ነገሩን ለሀምዲያ ደውሎ ነግሯት ነበር፤ ጥቂት ቆይታ ድምፅዋ ከስልኩ ወጣ። «ማዳምን ጠይቄያለሁ። ላባ ካወጡ ሁለት ሳምንት ቢቀራቸው ነው። ካርቶን ውስጥ ብትከታቸው እናትየው ትታቸው ትሄዳለች፤ አንተም ያንን ዳቦና ወተትህን ትጀምራለህ። እጅህን ኪስህ ክተት!»

«እሱ ካርቶን ይላል፣ እሷ ኪስ ትላለች» አለ ኢድሪስ ላቡን እየጠረገ። «የኛን ሬሳ ማን ያነሳል?»

አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን፣ በዕረፍቱ ሰዓት፣ ሙኒር ጨከነ። ኢድሪስ እርጥብ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል፤ ዋሴ የለም። ካርቶኑን አነሳና ጎጆውን ራሱ ሊያወርድ ወደ ጣራው ወጣ።

ዋሴ እዚያ ነበር። ከጎጆው ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በደረጃው ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አንድ ሰፊ ካርቶን በእንጨት ላይ አስሮ፣ ጥላው ጎጆው ላይ እንዲያርፍ አቁሞታል። ርግቧ በአንድ ዐይኗ ታየዋለች።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ሙኒር።

«ምንም።»

«እጅህስ?»

«ኪሴ ተቀዷል። ተቀምጬበታለሁ።»

እውነትም በሁለት እጆቹ ላይ ተቀምጧል። ሙኒር ያን የሁለት ዓመት ጥያቄውን እዚያው ጠየቀው። «ዋሴ፣ ወላሂ ንገረኝ። ከእንስሳ ጋር ምን አለህ?»

ዋሴ ዐይኑን ከርግቧ ሳያነሳ ጀመረ። «አገር ቤት ማሽላ ስጠብቅ ወንጭፌ ስቶ አያውቅም። ስንቷን ወፍ እንደጣልኩ አላህ ነው የሚያውቀው። እዚህ ስመጣ ርግብ እንኳ አይባረርም አሉኝ። ይህ እጅ መጣል ነው የለመደው፣ ሙኒሬ። ማንሳት ላስተምረው ብዬ፣ ያነሳሁት ሁሉ ደግሞ…» ወደ ሙኒር ዞረ። «ካርቶኑ ምንድነው?»

ሙኒር የያዘውን ካርቶን አየ። «ልተኛበት ነው» አለ።

ካለ በኋላ መተኛት ግድ ሆነበት። ግንቡ ሥር አነጠፈና ተጋደመ። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲነቃ፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ነበር፤ ዋሴም በካርቶን ቁራጭ እያራገበለት ነበር። ፎጣው ያ የእንሽላሊቷ ፎጣ ነው። እሷን ሊገድላት የነበረው ሕክምና ለሙኒር ፍቱን ሆነ። ክቡር ዶክተር በስንት ጊዜ አንድ ትክክለኛ ሕመምተኛ አገኘ። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ እስኪበሩ፣ አሥር ቀን ያህል፣ ሙኒር በየዕለቱ ታከመ፤ መሰላል ላይም ዳግመኛ አላንቀላፋም።

ጀይላን ሙከይፉን ጠግኖ፣ በሀምዲያ ትእዛዝ የጎጆውን ቦታ በሽቦ ወንፊት ዘጋው። «መከልከል ከሆነ እንቁላል ሳትጥል ነው» ብላለች።

በሳምንቱ ሙኒር ጣራው ጥግ ላይ አንድ ጣውላ መታ፤ በላዩም ቆርቆሮ አጠፈለት።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ኢድሪስ።

«ጫማ ማድረቂያ።»

«ጥላ ያለው ጫማ ማድረቂያ?»

«ጫማ ፀሐይ አይወድም።»

ዋሴ ጣውላው ላይ አንዲት ጭራሮ አይቷል። ርግቧ እንዳመጣቻት ገብቶታል። እጁ ጭራሮዋን ሊያስተካክል ተነሳ።

«ዶክተር!» አለ ሙኒር። «ኪስ!»

«ተቀዷል አልኩህ እኮ።»

በማግስቱ ሙኒር የዋሴን ሱሪ ጭኑ ላይ አንጥፎ መርፌና ክር ይዞ ሲቀመጥ፣ ኢድሪስ ምንም አልጠየቀም።