የፕላስቲኩ ሹፌር አፍንጫ ጉዳይ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የቤቱ አባት የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክበው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ሳምንት።
ቦታ፦ ሳሎን፣ አንድ እግሩ እንዳይነቃነቅ ካርቶን የተደረገበት ጠረጴዛ ዙሪያ።
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ስምንት ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ
1. የበኩር ልጅ፣ ምክትል ርእሰ መምህር፦ ሰብሳቢ (ማንም ሳይመርጣቸው የተቀመጡ)
2. መካከለኛዋ ልጅ፣ ነርስ፣ የጸሐፊው ባለቤት፦ አባል
3. የመጨረሻዋ ልጅ፣ የፋርማሲ ሠራተኛ፦ አባል
4. የአባት እህት፣ አክስት፦ አባል (ሳይጠሩ የመጡ)
5. እናት፦ ከማድ ቤት ብቅ እያሉ የሚመለሱ ታዛቢ
6. አማች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አባት። ስብሰባው ስለ እሳቸው በመሆኑ ጸጉር እንዲቆረጡ ተልከዋል።

ድምፅ ያላቸው አራቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ለጉባኤው የቀረበው ንብረት ጸሐፊው በእረፍት ቀኖቹ የሠራው፣ ክንድ የሚያህል አውቶቡስና አውራ ጣት የሚያክል አንድ የፕላስቲክ ሰው ነው። ሰውየው ሲገዛ የታንክ ነጂ ነበር። ተቀምጦ ሁለት እጁን ወደ ፊት ስለዘረጋ ለመሪ ይመቻል። የራስ ቁሩ፣ ሽጉጡ፣ ጢሙና ቁጣው ግን ከፋብሪካው አብረውት የተቀረጹ ናቸው። እነሱ ተፍቀው አባትን እንዲመስል፣ ዛሬ ማታም በስጦታነት እንዲሰጥ ታስቧል። እንዲህ ያለውን ሰው ፍቆና ቀብቶ ሌላ ሰው ማድረግ የጸሐፊው ልማድ ሲሆን፣ ሰብሳቢው ይህን ልማድ «ያደገ ሰው አሻንጉሊት» ይሉታል።

አባት ጸሐፊውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ልጃቸውን ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ «እንግዳው መጣ? እንግዳው በላ?» ነው የሚሉት። ጸሐፊው ይህን አውቶቡስ ለምን እንደሠራ የጠየቀው የለም እንጂ፣ ቢጠየቅ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

አጀንዳ 1፦ የጸሐፊው ሁኔታ

ሰብሳቢው «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ ጸሐፊው ወደዚህ ቤት የመጣው በጋብቻ እንጂ በደም አለመሆኑን አስታወሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊው ድምፅም አስተያየትም እንዳይኖረው፣ ምላጩና ሞረዱ የሱ ስለሆኑ ግን ጉባኤው ያዘዘውን እንዲፍቅ ተወሰነ። የጸሐፊው ባለቤት ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ ዓይኑንም አላዩትም።

ጸሐፊው ሲፍቅ መጻፍ ስለማይችል፣ በዚያ ጊዜ የተባለው ነገር በዚህ ቃለ ጉባኤ አይገኝም። ለአንዳንዶቹ ይህ ይሻላቸዋል።

አጀንዳ 2፦ ሽጉጥና የራስ ቁር

ሽጉጡ በሙሉ ድምፅ ተፋቀ። የራስ ቁሩም እንዲሁ። ከሥሩ ጸጉር ይወጣል ተብሎ ቢጠበቅም፣ የወጣው መላጣ ነው። አክስት ወንድማቸው መላጣ እንዳልሆኑ፣ ግንባራቸው ሰፊ ብቻ እንደሆነ በብርቱ ተከራከሩ። እናት ከማድ ቤት ብቅ ብለው፣ እሳቸው ሲያገቧቸው ማበጠሪያ የሚሰብር ጸጉር እንደነበራቸውና የወሰደባቸው የነዚህ ልጆች ንዝንዝ እንደሆነ ገልጸው ተመለሱ። ጉዳዩ በይደር ታለፈ።

አጀንዳ 3፦ ጢም

ሰብሳቢው፣ አባት ያለ ጢም አባት እንዳልሆኑ፣ እሳቸው ራሳቸው ሰው የሆኑት ያን ጢም እየፈሩ እንደሆነ አስረዱ። የመጨረሻዋ ልጅ ጢሙ እሳቸው ሳይወለዱ መላጨቱን፣ በማያውቁት ጢም እንደማይገዙ ተናገሩ። አክስት ለሰብሳቢው፣ የጸሐፊው ባለቤት ለእህታቸው ድምፅ ሰጡ። ሁለት ለሁለት ሆነ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም ልጆች የሚያውቁትን አባት እንዲያገኙ የግራው ጢም ቀርቶ የቀኙ እንዲፋቅ ተወሰነ፤ ተፋቀም።

እናት ሰሃን ይዘው ሲያልፉ ሰውየውን አይተው «በስመ አብ! ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» ስላሉ የግራውም ተፋቀ።

አጀንዳ 4፦ አፍንጫ

አክስት ይህ ድፍጥጥ አፍንጫ የቤታቸው አለመሆኑን፣ የቤታቸው አፍንጫ ከአያት ጀምሮ ሰልካካ እንደሆነና የውጭ ሰው ሊሸከመው እንደማይገባ ተናገሩ። ይህን ሲሉ ጸሐፊውን አይተዋል። አባላት ናሙና ፍለጋ አንዱ የሌላውን አፍንጫ ሲመረምር ቆየ። የመጨረሻዋ ልጅ የሰብሳቢው አፍንጫ ራሱ ከወዴት እንደመጣ እንደማይታወቅ በመጥቀሳቸው ስብሰባው ለአጭር ጊዜ ተቋረጠ።

ጸሐፊው የተፋቀ ፕላስቲክ ተመልሶ እንደማይበቅል፣ በስቱኮ መተካት ቢቻልም እስኪደርቅ እንደሚያድር ለመናገር እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ድምፅ እንደሌለው አስታውሰው፣ ምላጭ የያዘ እጅ ጉባኤ ላይ ማውጣት ነውር መሆኑንም አከሉ። ከዚያ በሰብሳቢው ሐሳብ ከቀኝ ትንሽ፣ በአክስት ሐሳብ ከግራ ትንሽ፣ በመጨረሻዋ ልጅ ሐሳብ ከጫፉ ትንሽ እንዲፋቅ ተወሰነ። ሦስቱም ተፈጸሙ። አፍንጫው አለቀ።

አጀንዳ 5፦ ቁጣና ሆድ

የጸሐፊው ባለቤት አባታቸው ቤት ሲገቡ ተቆጥተው አይተዋቸው ስለማያውቁ ቁጣው ይነሳ አሉ። ቅንድቡ ተፋቀ። አሁንም ያኮረፈ ይመስላል ስለተባለ አፉም ተፋቀ። ሰብሳቢው፣ አባት ሆድ እንዳላቸው፣ ሰውየው ግን እንደሌለው ጠቁመው፣ ሆድ መጨመር ካልተቻለ ደረቱ ቢቀነስ ሆዱ ገፋ እንደሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ «እንዴት አላሰብነውም!» ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ።

(ከዚህ በኋላ የተባለው፣ ጸሐፊው ደረት እየፋቀ ስለነበር አልተያዘም።)

አጀንዳ 6፦ ተጠያቂነት

ጸሐፊው ሰውየውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንደተላጠ እንቁላል ነው። ከዚያ የመጨረሻዋ ልጅ ማን ፋቀው ብለው ጠየቁ። ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ምላጩ በማን እጅ እንደነበር ሁሉም ስላየ፣ ጥፋቱ የጸሐፊው እንዲሆን በሦስት ድምፅ ተወሰነ። የጸሐፊው ባለቤት አሁንም ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ አዝኗል፤ የሦስት ወር ልፋቱንም ዘጠኝ ዓመቱንም አስቦ ነው። ሌላ የሚነግርበት ቦታ ስለሌለው እዚህ ጽፎታል።

ልዩ ሁኔታ

አባት ሳይጠበቁ ገቡ። ጸጉር ቤቱ ቶሎ የለቀቃቸው የሚቆረጥ ስላላገኘ መሆኑን ገለጹ፤ በዚህም አጀንዳ 2 እልባት አገኘ። አውቶቡሱን ዞረው አዩት። በሩን ከፍተው ዘጉት፣ ከፍተው ዘጉት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ሰውየውን አነሱና ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ገና በዝግጅት ላይ መሆኑን አስረዱ።

አባት ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩትና «ይሄማ እንግዳው ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ፣ «አፍ የለው፣ ቁጣ የለው፤ እጁን ዘርግቶ የሰጡትን ይቀበላል። እናንተ እንዲህ አድርጋችሁ የፋቃችሁት ሌላ ማን አለ?» ሲሉ መለሱ። የጸሐፊው ባለቤት አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሰብሳቢው ታዲያ ሹፌሩ ማን ይሁን ብለው ጠየቁ። አባት ሹፌሩ እዚሁ ቆሞ እንዳለ፣ በቁሙም አሻንጉሊት መሆን እንደማይፈልግ አስታወቁ። ሰውየውንም ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር አስቀመጡት። በሥራ ዘመናቸው እዚያ ቦታ አክስትን እንኳ አስቀምጠው እንደማያውቁ አክስት ራሳቸው አረጋግጠዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ያለ አንዳች ውይይት፣ በጸሐፊው ባለቤት አቅራቢነት፣ ከአጀንዳ 1 እስከ 6 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሰውየውም ከመጀመሪያው ጸሐፊውን እንዲመስል ታስቦ እንደተፋቀ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ፍቅፋቂው ወደ ቦታው ይመለስ ቢሉም፣ እናት ጠርገው እንደጣሉት ገለጹ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ተብሎ ታለፈ።

አጀንዳ 1 በመሻሩ ጸሐፊው ድምፅ አገኘ። ምን እንደሚል ሲጠየቅ፣ ለሰውየው ቢያንስ አፍንጫ እንዲሠራለት አመለከተ። አክስት የየትኛውን ቤት አፍንጫ እንደሆነ ጠየቁ፤ ክርክሩም እንደ አዲስ ሊጀመር ነበር። አባት ግን ወንበር ስበው ፊታቸውን በጎን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። «እንግዳው» አላሉም። «ና ልጄ፣ የኔን ለካ» ነው ያሉት።

ጸሐፊው በክብሪት እንጨት ለካ። «ልጄ» መባሉ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ ብሏል፤ ተይዟል። አክስት ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

ስቱኮው ሲበጠበጥ ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ።

ጸሐፊ፦ የቤቱ አማች፣ ባለ ድምፅ፣ አፍንጫው ገና ያልደረቀ።