የጸሐፊው አያሌው ዘመቻ ከጎባ እስከ ሮቤ፣ በኦቦ ጉሉማ ፈረስ

ባርኔጣውን ደፍቶ ከአዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ወርኃ ኅዳር በባተ በመጀመሪያው ገበያ፣ የማኅተም ጌታ፣ የወረቀት ድል አድራጊ፣ ለማንም ቆሞ የማያውቀው ጸሐፊ አያሌው ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሮቤ ዘመተ። የዘመተበትም ምክንያት ይህ ነው። የሮቤው ባሻ ደምሴ፣ የወይዘሪት ወሰንየለሽ አባት፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነግረው ነበር፦ «ልጄን የሚፈልግ በምሳ ሰዓት ይምጣ። እኔ የማንንም ሹም አልጠብቅም። ገበታ ከተነሣ በኋላ የደረሰ በመጣበት ይመለስ።»

ፈረስ ያዋሱት ኦቦ ጉሉማ ነበሩ። እርሳቸውም ዕድሜያቸውን ሰው በማስታረቅ የጨረሱ፣ በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ደኅንነቱን ሳይጠይቁ የማያልፉ ሽማግሌ ናቸውና፣ በጎባ አደባባይ ቆመው ለእንግዳ የሚገባውን ምክር አወጁ፦ «ስማ ልጄ! የባሌ ፀሐይ ጠዋት ትስቃለች፣ ከሰዓት ትከዳለችና ካፖርትህን ያዝ። ቅርብ ነው ያለህን አትመን፤ የኛ ሰው እንግዳ እንዳይከፋው ሩቁንም ያቀርባል። ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም በል፤ ፈረሴ ቦራ ይህን ለምዷል።» አያሌውም ካፖርቱን ያዘ፤ የቀረውን ምክር ግን ለባላገር ተወው።

ከከተማው እንደ ወጣ ወተት የተሸከመች ዲንቄ የምትባል ሴት አገኘ፤ በዝምታም ሊያልፋት ወደደ። ቦራ ቆመ። አለንጋ ቢያነሣበት ጆሮውን አዞረ፤ በተረከዝ ቢጎስመው ሣር ጋጠ። ጸሐፊው ባርኔጣውን ሳያወልቅ ደኅንነቷን በአጭሩ ቢጠይቃትም ፈረሱ አልረካም፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ ገብሱ፣ ዝናቡ በየተራ እስኪጠየቅ፣ ሴቲቱም «ነጋያ፣ ሁሉም ነጋያ» ብላ እስክትጨርስ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ እንደ ንጉሥ መልእክተኛ ጋለበ፤ እስከሚቀጥለው ሰው ድረስ።

የገበያ ቀን ነበረና የሚቀጥለው ሰው ሩቅ አልነበረም። ከሪራ መንደር ማር የጫነው ዘይነዲን፣ አንካሳ በሬውን ለሽያጭ የሚጎትተው ዳቢሴ፣ ድንች ያዘሉ የተራራው ሴቶች፣ በጋቢያቸው የተጠቀለሉ መነኩሴ፣ እነዚህ ሁሉ ከሠራዊቱ ተቆጠሩ፤ እየሳቁም ተከተሉት። ፀሐይ አናት ላይ በወጣች ጊዜ ጸሐፊው ምሳው ታየውና በእርካብ ላይ ተነሥቶ አወጀ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ለሁላችሁም፣ ለከብቶቻችሁም፣ ገና ለምትወልዷቸውም በአንድነት ጤና ይስጥልኝ ብያለሁ! ከእንግዲህ ማንም አያስቁመኝ!» ሕዝቡም በዘይነዲን አፍ አጸፋውን አወጀ፦ «ጌታው፣ እኛስ ለቀናል፤ ፈረሱን አስፈቅድ!» ቦራ ግን የጅምላ ሰላምታ አልተቀበለም።

ስለዚህ ጀግናው እያንዳንዱን ጠየቀ፤ የበሬውን እግር ምን እንደ ሰበረው ሰማ፤ በተራራው ማን እንደ ወለደች፣ ማን ከማን እንደ ተካሰሰ ሰማ፤ በመነኩሴውም ተመረቀ።

ሮቤ በደረሰ ጊዜ ገበታው ተነሥቶ ነበር። ባሻ ደምሴ በደጃቸው ቆመው ከዘራቸውን ወደ ጎባ አቅጣጫ ዘረጉ። አያሌውም አንገቱን ደፍቶ ሊመለስ ልጓሙን ሳበ፤ ቦራ ግን ሰላም ያልተባለ ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ ነበርና አልዞረም። ጸሐፊው ሌላ መውጫ ስላጣ ባርኔጣውን አውልቆ ጀመረ፤ ከብቱን፣ ልጁን፣ ገብሱን ጠየቀ። ባሻም የተጠየቀ ሳይመልስ፣ የመለሰም የመንገዱን ወሬ ሳይጠይቅ አይለይምና ጠየቁት። እርሱም ነገራቸው። በሬው ላይ ሲደርስ ከዘራቸውን አወረዱ፤ ክሱ ላይ ሲደርስ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ በመጨረሻም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «ገበታው ይመለስ! ይህ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ከደጄ አይሄድም!» ወይዘሪት ወሰንየለሽም ወጡን እያሞቀች ከጓዳ አወጀች፦ «ለሰርጉም በዚሁ ፈረስ ይምጣ፤ በሌላ ከመጣ አልወጣም!»

እነሆ አያሌው፣ የተነሣ ገበታ ያስመለሰ፣ የባሻን ከዘራ ያለ ጦር ያስወረደ፣ የባሌን ሕዝብ አንድ በአንድ በደኅና ነህ ወይ ያሸነፈ! ከጎባ እስከ ሮቤ ባለው መንገድ የሚቀድመው አልተገኘም፤ በአንገት ርዝመት ከሚቀድመው ከቦራ በቀር።