«ሊያልቅ ነው» የሚሉት ክቡር ኦስሞ

በዚህ ዓለም ሰው ሁሉ ቢያልቅ የማያልቀው «ሊያልቅ ነው» ባዩ ነው። መንግሥት ይወርዳል፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ መልሶ ይቀልጣል፣ ልጆች አድገው ይዳራሉ፤ እሱ ግን የጀመራት ነገር ፊት ቆሞ ራሱን እያከከ «ሊያልቅ ነው» ይላል። የእናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። ጀልባውን ዐሥራ አራት ዓመት ቀለም የሚቀባ፣ የሳውናውን ጣሪያ በላስቲክ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚቀጥር። ሚስቱ ሰምታ እንዳልሰማች ማለፍ ከጀመረች ቆይታለች።

የእኛን የሚስተካከል ግን የለም። የእኛው ክቡር ኦስሞ ኬቱነን ናቸው፤ የሊያልቅ ነው ባዮች ሊቀ ሊቃውንት።

እኛ ስል በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባደድ በሰሜኗ አገራችን፣ ታምፔሬ ከተማ፣ የበረዶ ሆኪ አዳራሹ ውስጥ የምንከማቸውን ማለቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። ሦስት ሺህ ሰው ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ይመጣል፤ ግማሹ ጨዋታ ሊጫወት፣ ግማሹ ሰው በጻፈለት ትእዛዝ ኮምፒውተር ራሱ በሚስለው ሥዕልና በሚያዜመው ዜማ ሊወዳደር። እኔ ቱሊኪ እባላለሁ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የውድድር ሥራ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ።

ውጭ ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ ትንገላታለች። ውስጥ መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል፤ ቀኑ ቅዳሜ ይሁን እሑድ የሚያውቅ የለም። የሺህ ማራገቢያ ድምፅ ተደማምሮ ሩቅ የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። ጠረጴዛ ሥር የተኙ ሰዎች እግር ላይ ከላይ ካለው ስክሪን ሐምራዊ ብርሃን፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይፈስበታል። አንዳንዴ የማየውን በእውኔ ልየው በሕልሜ አይለይልኝም፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

በዚያ ብርሃን መካከል ክቡርነታቸው ይመጣሉ። ክርናቸው ላይ የተጣፈ ሹራብ፣ በብብታቸው የቡና ቴርሞስ፣ በእጃቸው የዚያች የአገራችን ጥቁር ጨዋማ ከረሜላ ከረጢት። ከረሜላዋን ጠረጴዛዬ ላይ ያኖሩና «ኖ ኒን» ይላሉ። ኖ ኒን በእኛ አገር እንጀምርም ነው፣ ይብቃም ነው፣ ምን ይደረግም ነው፤ ሰውየው ሲናገር ብቻ ይለያል።

«ኖ ኒን፣ እመቤት ጠረጴዛ! ሊያልቅ ነው።»

«ምን ቀረው?»

«ሊያልቅ ምን ቀረው! ሰላምታዋ ብቻ ናት።»

ይህን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ዓመት የቀረው ዜማው ነበር። አንድ ዓመት ደግሞ ጉሙ። ሐይቅ ላይ የሚተኛ የንጋት ጉም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲለፉበት ከርመው «አልተኛልኝም፤ ይቆማል» አሉኝ። ስለ ጉም የሚያወሩ ሳይሆን እንቅልፍ ስላጣ ዘመድ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

የራሳቸውን አይጨርሱ እንጂ የሰውን ማረም ያውቁበታል። ከተወዳዳሪ ጀርባ ይቆሙና ቡናቸውን ፉት ብለው፣ «ስማ ወዳጄ፣ ይሄ ጥላ ወዲህ፣ ያ ጥላ ወዲያ። ፀሐይህ ሁለት ናት እንዴ?» ይላሉ። የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው። ከድሮ ወዳጃቸው ከኢልካ ጋር በአንድ ሰማያዊ ቀለም ተጣልተው ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ኢልካ የንጋት ሰማያዊ ውስጥ አረንጓዴ አለበት አለ፤ እሳቸው የለበትም አሉ፤ በቃ። ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። አሳንሰር ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም የፎቁን ቁጥር ያነባሉ ይባላል።

ስለ ሰላምታዋ ልንገራችሁ። የእኛ ሰው ጎረቤቱን ደረጃ ላይ ላለማግኘት በር ከመክፈቱ በፊት ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን የቆየ ልማድ አለን፤ ማንም የሠራውን ሲያሳይ መጨረሻው ላይ የወዳጆቹን ስም ስክሪኑ ላይ ቤት በሚያክል ፊደል ያሳልፋል። ስሙ የወጣው ሰው ከጨለማው ውስጥ «አለሁ!» ብሎ ይጮኻል። ዓመቱን ሙሉ ያላልነውን ያን ጊዜ እንላለን።

ችግሩ ክቡርነታቸው ሊወዳደሩ የሚሹት በትንንሽ ሥራዎች መሆኑ ነው። እዚያ ሥዕሉም ዜማውም ሰላምታውም ስልሳ አራት ኪሎባይት ውስጥ መግባት አለበት። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ የዚህን ሃምሳ እጥፍ ይበላል። አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ ስም በጨመርክ ቁጥር ከሥዕልህ ላይ ትቀንሳለህ። እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ወዳጅ ያፈራሉ፤ አሮጌውን መሰረዝ አይሆንላቸውም።

ዘንድሮ ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጠፈ። አምና ለትንንሽ ሥራዎች የቀረበው ሦስት ብቻ ስለነበር ውድድሩ ከዘንድሮ በኋላ ይቀራል። መዝጊያው ቅዳሜ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት። ክቡርነታቸው ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበቡት። ከረሜላውን ሳያስቀምጡልኝ ሄዱ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ዐይናቸው ቀልቷል።

«አለቀ?» አልኳቸው፤ ለመቀለድ ነበር።

«ተቀበዪኝ።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት ቃል ነበር። ፋይላቸውን ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት። ቀይ መብራት።

«ኦስሞ፣ ከልኩ ዐሥራ ሦስት ባይት አልፏል።»

«ዐሥራ ሦስት ምን አላት! ዐይንሽን ጨፍኚልኛ።»

«እኔ ብጨፍን ማሽኑ ይጨፍናል? ከጉሙ ቀንስ።»

«ከጉሙ ዘጠኝ ወር ስቀንስ ነው የከረምኩት። አሁን ብነካው ይበተናል።»

«እንግዲያው አንድ ስም ጣል። መቶ ሠላሳ ስም አለህ፤ ማን ያውቅብሃል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የቱን?» አሉ። «የሬዮን ልጣል?»

ሬዮ ዜማውን የሠራው ጓደኛቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ ሞቷል።

ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ግድግዳው ሥር ወለል ላይ ተቀመጡ። ሰዓቴን በየደቂቃው አየሁ። አራት ደቂቃ ሲቀር ተነሥተው መጡ። ጫንኩት። አረንጓዴ በራ።

«ምኑን ጣልከው?»

«የማያስፈልገውን» አሉና ከረሜላዋን አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋና ሥራው ታየ።

እስካሁን እሳቸው፣ ክቡርነታቸው ስል የነበረው ለማሾፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ አንደበቴ እሺ አይለኝም። ኦስሞ የሠራው አንድ ሐይቅ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ጨለማ ነበር፤ ከዚያ የሬዮ ዜማ ከሩቅ ጀመረ፣ በጭጋግ ውስጥ የሚቀዘፍ ጀልባ ይመስል ቀስ እያለ። ሰማዩ ገረጣ። ውሃው መተንፈስ ጀመረ። ጉሙም ተኛ። እውነት እላችኋለሁ፣ ተኛ፤ እግሬን ሲበርደኝ ተሰማኝ። ሦስት ሺህ ሰው ጨዋታውን ትቶ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ንጋቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲሞላ በጣም በስሱ፣ ዳር ዳሩን፣ አረንጓዴ ነበረበት።

ከዚያ ስሞቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ።

«አለሁ!» አለ አንዱ ከፊት። «አለሁ!» ከበላይ። ኢልካ የሚል ወጣ፤ ከኋላ በር አጠገብ የተሰበረ ድምፅ፣ «አለሁ! አረንጓዴውንም አይቼዋለሁ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ ሬዮ የሚለው ወጣ። ስሙ ውሃው ላይ ቆየ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ብሎ። ያው የኋላው ድምፅ «አለ!» አለ። ከዚያ ከየአቅጣጫው፣ «አለ! አለ!»

የመጨረሻው ስም «እመቤት ጠረጴዛ» ነበር።

አንድ ስም ጣል ብዬው ነበር። ማን ያውቅብሃል ብዬው ነበር። «አለሁ» ለማለት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ በሁለተኛው ወጣልኝ።

ከዚህ በኋላ የሚወጣው የሠሪው ስም ነው። ልማዳችን ነው፤ የሚጨበጨበውም እሱ ሲወጣ ነው። ሰዉ እጁን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ጉሙ ተነሣ፣ ስክሪኑ ጨለመ። ስም የለም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ የተበላሸ ነገር ያለ መሰለው።

እኔ ጨለማው ውስጥ በጣቴ ፊደል ቆጠርኩ። የስሙ አራት፣ የአባቱ ቤት ስም ስምንት፣ በመካከላቸው አንድ ክፍተት። በእኛ አጻጻፍ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ኦስሞ ኬቱነን ልክ ዐሥራ ሦስት ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ወንበሬ ላይ ወጣሁና ጮህኩ።

«ኦስሞ ኬቱነን!»

ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከቴርሞሱ ጀርባ፣ ቀስ ያለ ድምፅ፣

«አለሁ» አለ። እሱ አይደል፣ ጭብጨባው ሳይጀመር ቀጠለበት። «ጉሙ ግን ትንሽ ይቀረው ነበር።»